ርካሽ የጤና ኢንሹራንስ ስትሰርዙ ማንን ነው የምታናግሩት?

ከዋናው ልጀምር። በስልክ የተሸጠላችሁን፣ በየወሩ ከካርዳችሁ ገንዘብ የሚወስደውን ርካሽ የጤና ኢንሹራንስ ማቋረጥ ከፈለጋችሁ፣ የሸጠላችሁን ሰው በመለማመጥ ጊዜ አታጥፉ። እሱ ድርሻውን ወስዶ ሄዷል። ከሱ ጀርባ ገንዘቡን የሚቆርጥ ሌላ ድርጅት አለ። ከዚያ ጀርባ ደግሞ ፖሊሲውን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ውል፣ ያወጣው ኢንሹራንስ ኩባንያ አለ። የሦስቱም ስምና ስልክ ይለያያል። አንዱ ወደ ሌላው ይመራችኋል፣ ሌላው መልሶ ወደ መጀመሪያው ይልካችኋል። በመሀል ወሩ ያልቅና ካርዱ እንደገና ይቆረጣል።

የምንኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። ባለቤቴ ሥራ ሲቀይር የድሮው መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ በወሩ መጨረሻ ተቋረጠ። አዲሱ ቦታ ደግሞ "ከ90 ቀን በኋላ ነው የሚጀምርልህ" አሉት። 90 ቀን በሕግ የተፈቀደው ጣሪያ ነው፤ ጣሪያውን እስኪነካ የሚያስጠብቅ አሠሪ ግን ሞልቷል። በመሀል የኮብራ ወረቀት በፖስታ መጣ። ኮብራ የድሮውን ኢንሹራንስ በራስ ኪስ ማስቀጠል ነው። አሠሪው ይከፍልላችሁ የነበረውንም ድርሻ እናንተ ትከፍላላችሁ፣ በላዩ እስከ 2 በመቶ የማስኬጃ ወጪ ይጨመርበታል። ለእኛ ቤተሰብ የመጣው ቁጥር ከቤት ኪራያችን ብዙም አያንስም ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፈውና "ሦስት ወሩን በጸሎት እንለፈው" አለ እየሳቀ።

ከዚያ ማታ ማታ ዋጋ ማሰስ ጀመረ። አንድ ማስታወቂያ ስምና ስልክ ቁጥር ጠየቀው፤ ሞላ። ከነጋ ጀምሮ ስልኩ እረፍት አጣ። እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ ንግዳቸው የሰው ስልክ ቁጥር ነው፤ አንዱን ቁጥር ለብዙ የጥሪ ማዕከል ይሸጡታል።

ከደዋዮቹ አንዱ ሲያወራ ማር ነው። "ከኦባማ ኬር ጋር የተያያዘ ነው" አለ፤ በፌደራል ሕግ ከተደነገገው ሙሉ የጤና ኢንሹራንስ ጋር ማለቱ ነው። ለመላው ቤተሰብ በወር 219 ዶላር። ዲዳክቲብል፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከራስ ኪስ የሚወጣው ገንዘብ፣ የለም። የፈለጋችሁት ሐኪም ጋ ትሄዳላችሁ። መመዝገቢያ 125 ዶላር፣ አንዴ ብቻ። ዋጋው ደግሞ የዛሬ ብቻ ነው። ባለቤቴ "ወረቀቱን በኢሜይል ላክልኝና ከሚስቴ ጋር ልየው" ሲለው "ከከፈልክ በኋላ ነው የሚላከው" አለው። ይቺን ምልክት ያዙልኝ። ውሉን ከክፍያ በፊት የማያሳይ ሻጭ፣ ውሉ ላይ እንድታዩት የማይፈልገው ነገር አለ።

መጨረሻ ላይ "ለማረጋገጫ ወደ ሌላ ክፍል አስተላልፍሃለሁ፤ ይቀረጻል። ለሁሉም ሰው የሚነበብ ነው፣ ዝም ብለህ 'የስ' በል፤ ካቋረጥካቸው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ" አለው። በዚያ በጥድፊያ በተነበበው ውስጥ ይህ ሙሉ የጤና ሽፋን አይደለም የምትል ዓረፍተ ነገር ነበረች። ኋላ ገንዘባችንን ስንጠይቅ መጀመሪያ ያወጡት ያንን የድምፅ ቅጂ ነው።

ነገሩ የተገለጠው ትንሹ ልጃችን ጆሮውን ያመመው ጊዜ ነው። ክሊኒኩ መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ ሐበሻ ናት። ካርዱን አየችው፣ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ደወለች፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እህቴ፣ ይሄ ለአንድ ጉብኝት 50 ዶላር ብቻ ነው የሚከፍለው፤ ሌላው ካንቺ ነው" አለችኝ። "ገና አዲስ ከሆነ ዛሬ በሱ አታስገቢ። በካሽ ዋጋ ልሥራልሽና ቶሎ ሰርዢው።"

እግዜር ይስጣት። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ብዙ ክሊኒኮች የካሽ ዋጋ የሚሉት ቅናሽ አላቸው፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ክሌም፣ ማለትም ኢንሹራንሱ እንዲከፍል የሚቀርበውን ጥያቄ፣ አለማስገባታችን ነው። ክሌም ከገባ በኋላ ገንዘባችሁን ስትጠይቁ "ተጠቅማችሁበታል" ይሏችኋል።

የገዛነው ነገር ፊክስድ ኢንደምኒቲ የሚባለው ነው። ሂሳቡ ስንትም ይምጣ፣ እሱ የሚከፍለው አስቀድሞ የተቆረጠ መጠን ነው፤ ለሐኪም ጉብኝት ይህን ያህል፣ ሆስፒታል ለማደር በቀን ይህን ያህል። የቀረው፣ በሺዎች ቢቆጠርም፣ የእናንተ ነው። ዲዳክቲብል የለውም ያሉት እውነት ነው፤ ግን እናንተ የምትከፍሉት የት ላይ እንደሚቆምም ጣሪያ የለውም። ሕገ ወጥ ምርት አይደለም። ሙሉ ኢንሹራንስ ላለው ሰው እንደ ተጨማሪ ያገለግል ይሆናል። ወንጀሉ እንደ ሙሉ ኢንሹራንስ አድርጎ መሸጡ ላይ ነው።

የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ የሚባል ዘመድም አለው። እሱ ደግሞ አስቀድሞ የነበረባችሁን በሽታ ላለመሸፈን ይፈቀድለታል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከገዛው ለታይታ ነው። በፌደራል ደንብ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ አዲስ የሚሸጡት ከ3 ወር እንዳይበልጡ፣ ከነማራዘሚያቸው ከ4 ወር እንዳያልፉ ተደርጎ ነበር። በ2025 ግን መንግሥት ደንቡን ለማስከበር ቅድሚያ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ስለዚህ አሁንም ረዘም ያለ ሊቀርብላችሁ ይችላል።

እንዲህ ያለ ሽያጭ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው። የፌደራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ የሚሉት፣ በ2018 ሲምፕል ኸልዝ የተባለውን የፍሎሪዳ ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ከሰሰ፤ በ2024 ፍርድ ቤት 195 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት። በ2022 ደግሞ ቤኔፊት ቴክኖሎጂስ የተባለው 100 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች ተመላሽ ለማድረግ ተስማማ። የእኛው ሻጭ ሌላ ነው፤ አካሄዱ ግን የአንድ ትምህርት ቤት ነው።

ወደ መሰረዙ ልምጣ።

ያን ቀን ማታ ሻጩ ጋ ደወልን። ማሩ ሰውዬ የለም። ያነሳችው ሴት መጀመሪያ ወደ 149 ዶላር ቅናሽ አቀረበች። ከዚያ "አሁን ብትሰርዙት ልጆቻችሁ ያለ ኢንሹራንስ ይቀራሉ፣ ቢታመሙስ?" አለች። ባለቤቴ ሊመልስላት ሲል ስልኩን ወሰድኩበት። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስለ ምክንያት መነጋገር አያስፈልግም። ሥራቸው እናንተን ማስቀረት ነው፣ የሰጣችሁትን ምክንያት ሁሉ መልስ አዘጋጅተውለታል። "ሰርዙልኝ፣ የመሰረዣ ቁጥር ስጡኝ፣ በኢሜይል ላኩልኝ።" ይቺን ብቻ መደጋገም ነው። እሷም "ተሰርዟል" አለችና ዘጋች። ኢሜይል አልመጣም። በሚቀጥለው ወር ካርዱ ተቆረጠ።

ያኔ ነው የካርዳችንን መግለጫ ቁጭ ብዬ ያየሁት። የቆረጠው ድርጅት ስም ኢንሹራንስ ካርዱ ላይ ያለው አይደለም። ሻጩም አይደለም። ከስሙ ጎን ስልክ ቁጥር ነበር፣ ደወልኩ። ገንዘብ የሚሰበስበው ድርጅት እሱ ነው። ሰውየው ስሜን አገኘና "የኛ ሥራ መቁረጥ ብቻ ነው፣ ለመሰረዝ ማኅበሩን አናግሪ" አለኝ። ማኅበር? የምን ማኅበር? ለካስ ባለቤቴ ሳይነገረው የአንድ ማኅበር አባል ሆኗል። ኢንሹራንሱ ለማኅበሩ አባላት እንደሚሰጥ ጥቅም ተደርጎ ነው የተሸጠው።

219 ዶላሩም አንድ ነገር አልነበረም። ኢንሹራንሱ ራሱ አንድ፣ የአባልነት መዋጮ ሁለት፣ በስልክ ሐኪም ማናገሪያ ሦስት፣ የመድኃኒት ቅናሽ ካርድ አራት። እያንዳንዱ የራሱ የአባል ቁጥር አለው። "ኢንሹራንሱን ሰርዙልኝ" ስትሉ ኢንሹራንሱን ብቻ ይሰርዙና ሌሎቹን መቁረጥ ይቀጥላሉ። ስትጠይቁ "እሱን ሰርዙ አላላችሁም" ነው መልሱ። አንድም ውሸት አልተናገሩም፣ ይኼ ነው የሚያቃጥለው።

የሚከፋፍሉት በከንቱ አይመስለኝም። ለኢንሹራንስ የስቴት ሕግ አለ፤ ውሉን ዓይታችሁ ካልወደዳችሁት ሙሉ ገንዘባችሁን የምታስመልሱበት የማያ ጊዜም አለ። እንግሊዝኛው ፍሪ ሉክ ይለዋል። በብዙ ስቴቶች ፖሊሲው እጃችሁ ከገባበት ቀን አንሥቶ 10 ቀን ነው፣ አንዳንድ ውል 30 ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ የፖሊሲው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፋል። የማኅበር መዋጮና የቅናሽ ካርድ ግን ኢንሹራንስ አይደሉምና "የማይመለስ" ብለው ለመከራከር ይመቻቸዋል።

እኛ የመጀመሪያውን ስልክ የደወልነው በማያው ጊዜ ውስጥ ነበር። በስልክ የተባለ ነገር ግን ማስረጃ ከሌለው ነፋስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቴክሳስና ቨርጂኒያ ውስጥ የራሳችሁን የስልክ ንግግር ሌላውን ሳታስፈቅዱ መቅዳት ይቻላል። ሜሪላንድና ካሊፎርኒያ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ እዚያ የሁለቱም ወገን ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ የቀዳሁት ነገር አልነበረም። የስልክ ድርጅታችን መዝገብ ላይ ግን የደወልንበት ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ከነቆይታው ወጣ። እሱን አትሜ ያዝኩ። ምን እንደተባለ አያሳይም፣ መደወላችንን ግን ማንም አይክደውም።

ከዚያ ደብዳቤ ጻፍን። እንግሊዝኛው መራቀቅ የለበትም። ስም፣ የአባል ቁጥሮቹ በሙሉ አንድ በአንድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርዙልን ያልንበት ቀን፣ "ኢንሹራንሱንም፣ አባልነቱንም፣ ከሱ ጋር የተያያዘውንም ነገር ሁሉ ሰርዣለሁ" የሚል፣ "ካርዴን እንድትቆርጡ የሰጠሁትን ፈቃድ አንስቻለሁ" የሚል፣ የተቆረጠውን ገንዘብ ድምርና የምትፈልጉትን ተመላሽ። በቃ። ስለ ልጄ ጆሮ፣ ስለ ማሩ ሰውዬ ምንም አልጻፍኩም። አንዱን ቅጂ ለገንዘብ ሰብሳቢው፣ አንዱን ለማኅበሩ፣ አንዱን ለኢንሹራንስ ኩባንያው ላክን። በተራ ፖስታ እንዳትልኩት። ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ሰርቲፋይድ፣ የመቀበያ ፊርማ ያለው በሉ። የተቀበለው ሰው የፈረመበት አረንጓዴ ካርድ ቤታችሁ ይመጣል። እዚህ አገር ከዚያ ካርድ በኋላ "ደብዳቤ አልደረሰንም" የሚል የለም።

የኢንሹራንስ ኩባንያውን ስም ያገኘሁት ፖሊሲው መጨረሻ ላይ በደቃቁ ከተጻፈው ነው። ብሮሹሩ ላይ የደመቀው ስም የምርቱ መጠሪያ ብቻ ነበር። እውነተኛውን ኩባንያ ለማግኘት ፈቃድ ያለው አውጪ ማን እንደሆነ የሚገልጸውን መስመር ፈልጉ። እሱን ይዛችሁ ነው ለስቴቱ አቤት የምትሉት።

ከሁሉም በላይ የሠራው ይኸው ነው፤ ለቴክሳስ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ያስገባነው አቤቱታ። በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ደብዳቤውን፣ የካርድ መግለጫውን፣ የስልክ መዝገቡን አያያዝን። መሥሪያ ቤቱ አቤቱታውን ለኩባንያው ይልካል፤ ኩባንያው በ15 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። መሥሪያ ቤቱ እንደ ፍርድ ቤት አይፈርድም፤ የተባለውንና ያልተባለውን አጣርቶ ካሣ አያስከፍልላችሁም። ግን ለኩባንያው ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው፣ ኩባንያው ይህን በደንብ ያውቃል። ያን ሁሉ ጊዜ ስልክ ሲዘጉብን የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው ሁሉ ተቀይሯል። "ሚስተር" እያሉ ነው ባለቤቴን የሚያናግሩት። "አሁን ገና ስሜን አወቁት" አለ።

እያንዳንዱ ስቴት እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት አለው። ሜሪላንድ የኢንሹራንስ አስተዳደር አለ፣ ቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቢሮ አለ፣ ዲሲም የራሱ አለው። አቤቱታችሁን ስታስገቡ ኤጀንቱንም፣ ማለትም የሸጠላችሁን ሰው፣ ጨምሩት፤ ኤጀንትም ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ፈቃድ ሳይኖረው ሸጦ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ይከብድበታል። ለማኅበሩና ለቅናሽ ካርዱ ደግሞ ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልና ለኤፍቲሲ ማመልከት ይቻላል።

የኢንሹራንሱ ገንዘብ በሙሉ ተመለሰ። የማኅበሩን መዋጮ "ለመልካም ግንኙነት ሲባል" ብለው ዘግይተው ላኩት። መመዝገቢያውን 125 ዶላር እምቢ አሉ። ለእሱ ወደ ካርዱ ባንክ ሄድን፣ ባንኩ የሻጩን ቅጂ ሰምቶ "ባለቤትሽ ተስማምቷል" አለ። እዚያ ላይ ተውነው።

ስለ ባንክ ግን የምለው አለኝ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። "አላውቃቸውም፣ ሰረቁኝ" ብላችሁ ከገባችሁ የተቀረጸውን "የስ" ያቀርቡና ትሸነፋላችሁ። "በዚህ ቀን ሰርዤ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ቆረጡ" ስትሉ ግን ያ ቅጂ አይረዳቸውም፣ በእጃችሁ ያለው ደብዳቤ ይበልጣል። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ስሕተቱ የታየበት መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም አለባችሁ። በዴቢት ወይም ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ከሚቀጥለው ቆረጣ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀደም ብላችሁ ባንኩን አስቁሙልኝ በሉ። በቃል ብትነግሩም በጽሑፍ አጽኑት።

ካርድ መቀየርም ብቻውን መፍትሔ አይደለም። አብረን የምናስቀድስ አንዲት እናት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው "ልጄ፣ ካርዴን እንኳ አስቀይሬ አልተወኝም" ብለውኛል። ልክ ናቸው። ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን የካርድ ቁጥር በየወሩ ለሚቆርጡ ድርጅቶች የሚያሳውቁበት አሠራር አላቸው። የስልክ ሂሳባችሁ እንዳይቋረጥ ተብሎ የተሠራ ነው፣ እነዚህም ይጠቀሙበታል። ባንካችሁን ከዚያ አሠራር አውጡኝ ልትሉት ትችላላችሁ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ርካሹን ስታባርሩ በምኑ ትተካላችሁ? የሥራ ኢንሹራንስ ሲቋረጥባችሁ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ በኩል ትክክለኛውን ለመግዛት 60 ቀን አላችሁ። የሚቆጠረው የሥራው ኢንሹራንስ ከቆመበት ቀን ነው። ርካሹን ኢንሹራንስ መሰረዝ ወይም እሱ ማለቁ ሌላ 60 ቀን አይሰጣችሁም። በርካሹ ተማምነው በሩ የተዘጋባቸው ሰዎች አውቃለሁ፤ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ እስከሚከፈተው ዓመታዊ ምዝገባ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ባለቤቴ ገና ጊዜ ነበረው፤ ተመዘገብን፣ ከሚቀጥለው ወር 1 ጀምሮ ሠራ። ልጆች ያላችሁ ደግሞ ገቢያችሁ ከፈቀደ ቺፕ ወይም የልጆች ሜዲኬይድ ለሚባሉት የመንግሥት የልጆች ጤና ሽፋኖች በማንኛውም ወር ማመልከት ይቻላል።

ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው የኮብራ ወረቀትም ከተባለው በላይ ዋጋ አለው። ኮብራን ለመምረጥ 60 ቀን ይሰጣችኋል፤ ከመረጣችሁ ሽፋኑ ወደ ኋላ ሄዶ የድሮው ካቆመበት ይቀጥላል። የመጀመሪያውን ክፍያ ለመክፈል ደግሞ ከመረጣችሁ በኋላ 45 ቀን አለ። ማለትም ክፍተታችሁ አጭር ከሆነ ሳትከፍሉ ጠብቃችሁ፣ እግዜር አይበለውና አደጋ ከመጣ ያኔ መምረጥ ትችላላችሁ፤ ያለፈውን ሁሉ ወደ ኋላ መክፈል እንዳለ ሆኖ። የሚሠራው 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው አሠሪ ነው። ለሁለት ወር ክፍተት ብዬ ከስልክ ሻጭ ኢንሹራንስ ከምገዛ ይህን እመርጣለሁ።

የያዛችሁት ትክክለኛው የኦባማ ኬር ኢንሹራንስ መሆኑን ካልተማመናችሁ፣ በሄልዝኬር ዶት ጎቭ አካውንታችሁ ላይ መኖሩን እዩ። በዚያ የተገዛ ከሆነ በጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ 1095-ኤ የሚባል የታክስ ቅጽ ይመጣላችኋል፤ ለርካሾቹ አይመጣም። ስልክ መደወል የሚቀላችሁ በ1-800-318-2596 ደውላችሁ "አምሃሪክ" በሉ። አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ፤ መስመሩ ላይ ትንሽ ትጠብቃላችሁ እንጂ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም። እኚያ እናትም በዚሁ ነው የተመዘገቡት።